ጋርባሳሬን የያዘው ቀዳዳ

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አብቲ ጅጅጋ ባለው የላሜራ ወርክሾፑ ሥራ ሲያስገባኝ። አብቲ የእናቴ ወንድም ነው፤ እኛ ሶማሌዎች ጋ የእናት ወንድም እንዲህ ይጠራል፣ እሱም መልሶ የእህቱን ልጅ «አብቲ» ይላል።

የመጀመሪያ ቀን ላሜራ ከሚበሳው የእጅ ፕሬስ ፊት አቆመኝ። «ከላይ የሚወርደው ወንዴ፣ ከታች የሚቀበለው ሴቴ። ጣትሽን በመሃላቸው እንዳላይ!»

ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ወንዴ ላሜራውን ባንዴ ይመታውና ክንድ ያነዝራል። ዘመም ተደርጎ የተሳለው ግን እንደ መቀስ ከአንድ ጎን ጀምሮ ይቆርጣል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ትከሻዬ ነው የነገረኝ።

አብቲ የደነዘውን የሚለየው በድምፅ ነበር። ስል ወንዴ «ጭቅ!» ይላል። ጠርዙ ያለቀው ያጉረመርማል፤ ብረቱን በመቁረጥ ፈንታ ይቀደውና ከቀዳዳው ሥር የብረት ሾህ ያበቅላል። እኔ ደግሞ ትከሻዬ ላይ የምጥለውን የጋርባሳሬን ጫፍ በቀዳዳው ላይ እስባለሁ። ክር ከያዘ፣ ወንዴው ሞላ በምንለው የኤሌክትሪክ መሳያ መሳል አለበት ማለት ነው።

«በዚህ አያያዝሽ ለሠርግሽ የምትለብሺው አይተርፍም!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ያን ሁሉ ዘመን ሞላ ሲጮህበት የኖረ ጆሮው ከዳው። ደጋግሜ ካልጠራሁት አይዞርም። ይህ ለማን ይነገራል?

ከጅጅጋ ወጣ ብሎ ላለው ሸደር የውኃ ታንከር ልንሠራ የያዝን ጊዜ ጭንቄ በረታ። ታንከሩ በብሎን የሚገጣጠም ነው፤ በላሜራዎቹ መሃል ውኃ እንዳያሾልክ የጎማ ጓርኒሲዮን ይገባል። ሾህ ጎማውን ከበሳው፣ ውኃውን ሰው ሳይሆን አሸዋ ይጠጣዋል። አብቲ ይበሳል። ፕሬሱ ያጉረመርማል። እሱ ግን አይሰማውም፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ደንበኛችን፣ አንድ ሥራ ተቋራጭ፣ አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ «ኧረ ቶሎ በሉ!» ይላል።

በእንግዳ ፊት «ጆሮህ አይሰማም» እንዴት ልበለው? ጋርባሳሬን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ጫፉን አስያዝኩትና ጆሮው ሥር ተጠጋሁ።

«አብቲ፣ እስቲ ሳበው።»

ሳበ። ክሩ ተተረተረ። ጣቱን ከቀዳዳው ሥር ሰድዶ ሾሁን ዳሰሰ።

ደንበኛው አጠገቡ ደርሶ እየሣቀ ጮኸ። «ሽማግሌው፣ ልብስ ስፌት ጀመራችሁ እንዴ?»

«አዎ፣ ያንተን ታንከር ነው የምንሰፋው። ሂድና ሻይህን ጠጣ» አለው አብቲ።

ወንዴውን ፈትቶ ሰጠኝ። ሞላ ላይ ሳልኩት። ሾሁን በሞረድ አነሣሁ፤ በቀዳዳቸው ዙሪያ የጎበጡትን ላሜራዎች ጥለን በምትካቸው አዲስ በሳን። አይሱዙው ከሄደ ወዲያ ምግብ አልወረደልኝም፣ ሾፌሩ ተመልሶ «ጠብታ የለም» እስኪለን ድረስ።

ወንዴ የሚደንዘው ቀስ በቀስ ነው፤ አብሮት የሚውል ሰው አያስተውለውም። ጆሮን ብቻ አትመኑ፤ ቀዳዳውን ዳስሱ።

ሾፌሩ በመጣ ማግስት አብቲ ፕሬሱን ለእኔ ትቶ በርጩማውን ከአጠገቡ አነሣና ደንበኛ በሚገባበት በር ሥር አኖረው።