ስም የሌለው ነገርና የኔ ማይክ

አይ፣ አላጋነንኩም! ደግሞ ጀመራችሁ። «እንግሊዝኛ ሳትችል እንዴት ፊልም ትተረጉማለህ?» ነው ነገሩ? እሺ፣ እንግሊዝኛ የሚችለው ሰውዬ ማይኩን ጥሎ ለምን ሮጠ? መጀመሪያ እሱን መልሱልኝ፣ ከዛ እንጨቃጨቃለን።

ሱሉልታ ውስጥ ማዘር ቪዲዮ ቤት ተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ማዘር የምንላቸው የቤቱን ባለቤት ነው። ፊልሙ ይከፈታል፣ ድምፁ ይቀነሳል፣ እኔ ጎን ላይ ቁጭ ብዬ በአማርኛ፣ ሲመቸኝም ኦሮምኛ እየቀላቀልኩ አወራለሁ። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ግን ሰው ስልኩ ላይ ስንት ፊልም እያለው የሚመጣው ለኔ አፍ ነበር።

አንድ እሁድ፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሰፈራችን የተከራየ ባለዲግሪ ፊልሙ መሃል ላይ ተነሳ።

«ይቅርታ ወንድም፣ ሴትዮዋ ያለችው ‹በሩን ዝጋው› ነው። አንተ ‹አባትህን በመርዝ የገደሉት አጎትህ ናቸው› አልከን።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ማዘርም ስቀው ማይኩን ለሱ ሰጡት። ከዛ ቀን ጀምሮ ስሜ «በመርዝ» ሆነ። ታክሲ ስገባ ረዳቱ ሳይቀር «በመርዝ፣ ጠጋ በል!» ይለኛል። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ቀልደኛ ነኛ። ሆዴ ግን «ቆይ» አለ።

ቆየሁ። ክረምት ገባ።

እሁድ ከሰዓት አንዱ በፍላሽ አስፈሪ ፊልም አመጣ። ሰዎች በረሃ ላይ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሆነ ነገር ይወጣል። አውሬ አይደለም፣ ሰው አይደለም፣ መልክ የለውም፤ ያየው ሁሉ ያብዳል። ከመግባቴ በፊት በእንጦጦ በኩል ሰማዩን አየሁት። ጠቁሯል፣ ነፋሱ ቆሟል፣ ሴቶች ልብስ ከገመድ ላይ እየተሯሯጡ ያነሳሉ። የሱሉልታ ልጅ ነኝ፤ በረዶ ሊመጣ ሲል አፍንጫዬ ይነግረኛል። ፈገግ ብዬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ነገርየው ወጣ። ፊልሙ ውስጥ የሚያወራ ሰው ጠፋ። ባለዲግሪውም ዝም አለ።

«ተርጉምልን እንጂ!» አለ አንዱ የፋብሪካ ሰራተኛ።

«ምንም እያሉ አይደለም።»

«ነገርየውስ ምንድነው?»

«ሊገለጽ የማይችል ነገር ነው።»

«እና አንተን ለምን አስቀመጡህ? ግለጸዋ!»

ተነሳሁ። «ጀለሶች፣ እኔ ልንገራችሁ?»

«በመርዝ ተነሳ!» ብለው ሳቁ። ይሳቁ።

«ይሄ ሰይጣን አይደለም። ሰይጣን ቢሆን ደግ ነበር፤ ሰይጣን ይፈልግሃል፣ ስምህን ያውቃል። ይሄ መኖርህንም አያውቅም። እዚህ መንገድ ላይ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ ሲያልፍ ጉንዳን ይጨፈልቃል አይደል? ጠልቶት ነው? አላየውም። ጉንዳኖቹ እኛ ነን።»

ሳቁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ «ያ ዋቅ!» ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩ።

«አንድ ነገር ግን ይሰማል» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ስለሱ በማይክ የሚያወራ ሰው ድምፅ።»

ባለዲግሪው ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ በስፒከር ወጥቶ ራሱን አስደነገጠው። እኔ ጆሮዬን ወደ ጣሪያው አድርጌ ጠበቅኩ። ቋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቋ።

«መጣልህ» አልኩት።

ሰማዩ እንዳለ ቆርቆሮው ላይ ተደፋ። የኛን በረዶ የለመድነው እንኳን «ዱፌ!» እያልን ጮህን፤ በኦሮምኛ «መጣ!» ማለት ነው። እሱ ደግሞ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ ነው፣ ቆርቆሮ ስር ተቀምጦ በረዶ ሰምቶ አያውቅም። ማይኩን ጣለ፣ ወንበር ዘለለ፣ በሩን በርግዶ በረዶው ውስጥ ገባ። አናቱን እየቀጠቀጠው ሄደ። አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ።

አዘናችሁለት? ለኔ ያኔ ማን አዘነ?

ማዘር ማይኩን ከመሬት አንስተው በቀሚሳቸው ጠረጉና «እንካ፣ ጨርሰው» አሉኝ። ጨረስኩት። ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት ትተርፋለች፤ እኔ ግን አላስተረፍኳትም። የዛን ቀን ምህረት የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ጫማው አሁንም ስክሪኑ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰው «ተሳስተሃል» ሲለኝ በጣቴ አሳየዋለሁ።

አሁንም ውሸት ነው? ሂዱና ማዘርን ጠይቁ። እሳቸው ካልበቁ ራሱን ጠይቁት፣ ቡራዩ ገብቷል አሉ። ከኋላው ቀስ ብላችሁ ሄዳችሁ «ዱፌ» በሉና ትከሻውን እዩት።