ውባንች የምትቀመጥበት ሞተር

ኮኪት ውስጥ ደረበን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ እሱም እስከ ማታ ያውቀዋል። ደረበ ሃምሳውን የተሻገረ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ነው። የሚያርሰው አባቱ ከደጋ ወርደው መንጥረው የሰፈሩበትን መሬት ነው። ደግ ሰው ነው፤ እጁ አይሰስትም፣ ሠራተኛም አያስከፋም። አንድ ነገር ብቻ አለበት፣ ጨዋታ ይወዳል። ሐሜት አላልሁም፤ ጨዋታ። ዝናቡን፣ ሰሊጡን፣ የሰው አገሩን፣ ያየውንና የሰማውን አንዴ ማውጋት ከጀመረ ሰማይ ቢደፋ አይሰማም።

ከጨዋታ ቀጥሎ የሚወደው ሞተር ነው። እነዚህ ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው እርስ በርሱ ተደግፎ በሂላ በሂላ ቆሞ በሚደርቅበት ሰሞን፣ ሚስቱን ውባንችን በትንሿ ሞተሩ ከኋላው አስቀምጦ ከእርሻ ወደ ኮኪት ይመለሳል። በአገሩ ወግ እንደ ውባንች ያለች የተከበረች የቤት እመቤት ሞተር ላይ በጎን ትቀመጣለች እንጂ አትፈናጠጥም፤ የባሏን ወገብም በሰው ፊት አታቅፍም። ነውር ነዋ! ስለዚህ በአንድ እጇ የዕቃ መጫኛውን ብረት፣ በሌላው ነጠላዋን ይዛለች። ደረበ ስለ ሰሊጥ ትል ያወራል። ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ደርቆ የተሰነጠቀበት ቦታ ሲደርሱ ሞተሯ ዘለለች። ደረበና ሞተሯ ወደ ኮኪት ሄዱ፤ ውባንች የማሽላ አገዳ ክምር ላይ ቀረች።

እንግዲህ መውደቅ በማንም ይደርሳል። የደረበ ጉድ ሌላ ነው። ሰውዬው ኮኪት እስኪገባ ጨዋታውን አላቋረጠም። ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ በራሱ ቀልድ ይስቃል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ አቆመና «በይ ውረጂ» አለ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ አየው። ዞር ቢል ማንም የለም።

ውባንች በኋላ የደረሰችው ከወሎ የመጡ አጫጆችን በጫነ መኪና ላይ ሆና ነው። ልጆቹ ጎትተው ያወጧት፣ አቧራዋን ያራገፉላት፣ «እናታለም፣ ከየት ወደቁ?» ብለው የጠየቋት እነሱ ናቸው። እውነቱን ስትነግራቸው በሳቅ ሊሞቱ። በዚያ አገር የደረቀውን ሰሊጥ ከነዶው ማርገፍ የጎበዝ ሥራ ነውና፣ ሳይመሽ ለደረበ ስም ወጣለት፦ «ደረበ አራጋፊው»።

ውባንች ግን አልሳቀችም። ሁለተኛ ከኋላህ ብቀመጥ የእናቴ ልጅ አይደለሁም ብላ ማለች፤ እንዳለችውም ሆነች። ገበያ በባጃጅ ትሄዳለች፣ ሸሕዲ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ሌላውን በእግሯ። ደረበ መጀመሪያ ሰሞን ከባጃጁ ጎን ጎን እየነዳ በመስኮት ያጫውታት ነበር፤ ባለ ባጃጁ ተማረረ። እሷም ፊቷን ወደ ወዲያ ማዞር ጀመረች። ሰው ከኋላው ሳይኖር መንዳት እንደ ደረበ ላለ ሰው ምን ጣዕም አለው? ሰለቸውና ሞተሯን ሸጣት። ውባንች እንደ ድሮዋ ታበላዋለች፣ ታጠጣዋለች፣ እርሻውንም አብራው ታያለች። ጨዋታዋን ግን ከልክላዋለች። ይኸ ደግሞ ለደረበ ጦም ከማደር ይብስ ነበር።

ዘንድሮ ሁለት ነገር ተገጣጠመ። አንደኛ፣ ሰሊጡ ያዘለት። ሁለተኛ፣ አይከል ከተማ ያገባችው ልጃቸው ስርጉት ወንድ ልጅ ወለደች፤ የክርስትናው ቀንም ደረሰ። ውባንች በሚኒባስ እንደምትሄድ ቁርጡን ተናገረች። ደረበም በልቡ ሌላ ነገር ቆረጠ፦ ከኮኪት እስከ አይከል ያለውን መንገድ ከሚስቱ ጋር በአንድ ሞተር ይሄዳል። ዳገቱን ሲወጡ ሙቀቱ እየቀለለ፣ የደጋው ነፋስ እየመጣ፣ እየተጫወቱ። ይኸ ካልሆነ ሰሊጡም ለምኑ ነው?

ሞተሮቹ የነበሩት መተማ ዮሐንስ፣ ሰዓዲያ ዘንድ ነው። ሰዓዲያ አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ የጭልጋ ሰው ናቸው፤ የሞተር መለዋወጫ ትሸጣለች፣ እንደ ሱዳን ሴት የለበሰችውን ቶቧን ወደ ትከሻዋ ጣል አድርጋ ሞተር ስትፈታ ወንዱ ሁሉ ቆሞ ያያል። ከድንበሩ ወዲያ ማዶ የመጡ ሰዎች የሸጡላትን ሁለት ትላልቅ ሞተሮች ቀረጣቸውን ጨርሳ ሱቋ ደጅ አቁማቸዋለች። ዋጋቸውን ተዉት፤ ደረበም ለሰው አልተናገረም።

አንደኛው ቀይ ነው። ለረጅም የአስፋልት መንገድ የተሠራ ነው፤ ፊቱ ሾል ያለ፣ ነፋስ የሚመልስ መስታወት ያለው፣ በግራና በቀኝ የዕቃ ሳጥን የታሰረበት። ሲቀመጡበት ጥቂት ጎንበስ ያደርጋል፤ መሪውን ሲያዞሩት እሺ ይላል፤ ድምፁም ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ጥቁር ነው። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ብረቱ ፊት የሚያሳይ፣ መሪው እንደ ሰንጋ ቀንድ የተዘረጋ። እግርን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ደረትን ነፍተው እንደ ባላባት የሚነዱት ነው። ከኋላው ደግሞ ሰፊ መቀመጫና በቆዳ የተለበጠ መደገፊያ አለው።

ደረበ ቀዩ ላይ ሲወጣ ዕድሜው ጠፋው። ሰዓዲያ እስከ ኬላው ነድቶ እንዲመለስ ፈቅዳለት ነበር፤ ሲመለስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ነፋስ ነው አለ። መስታወቱ ነፋስ እንደሚመልስ ሰዓዲያ ታውቃለች።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። መተማ ዮሐንስ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ኮኪትም ለሁለት ተከፈለች። የትራክተር ሾፌሩ አለነ ጥቁሩ ዝቅ ስላለ እርሻ መንገድ ላይ ሆዱን ይፈትጋል ብሎ ቀዩን ደገፈ። ነጋዴዎቹ ደግሞ ሰው እንደ ደረበ ካለው ጥቁሩ ላይ ነው የሚያምርበት አሉ። ደጅ የተቀመጡት አጫጆች ሳይቀሩ ተከራከሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ያልነዱት ደግሞ አብዝተው ጮኹ። ውባንች ይኸን ሁሉ ትሰማለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ዱቄቷን ታዘጋጃለች።

ደረበ አንድ ቀን ጥቁሩ አጠገብ ቆሞ መደገፊያውን በእጁ ነካ ነካ አደረገው። ከዚህስ ሰው አይወድቅም፣ አለ በሆዱ። ሰፊ ነው፤ በጎንም ያስቀምጣል። ውባንች እዚህ ላይ ብትቀመጥ ሞተሩ ቢዘል፣ መንገዱ ቢሰነጠቅ፣ የትም አትሄድም። ቀዩን ዞር ብሎ አየው፤ ልቡ እዚያው ቀረ። ቢሆንም ባል ነውና ቁርጡን ለሰዓዲያ ነገራት፦ ጥቁሩ። ሰዓዲያ ቀዩን እንደሚወድ ስለምታውቅ ሁለቴ ጠየቀችው፤ ሁለቴም ጥቁሩን አለ።

ማታ ለውባንች መደገፊያውን ሲያወድስላት አመሸ። ቆዳውን፣ ስፋቱን፣ ምቾቱን። ውባንች እስኪጨርስ ጠበቀችና ልየው አለች። ደረበ ጆሮውን አላመነም፤ ስለ መሐላዋ ፈራ ተባ እያለ ቢጠይቃት፣ የንስሐ አባቷ ስግደት ሰጥተው ከመሐላው እንደፈቷት ነገረችው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባል የለ፤ በልጅ ክርስትና ቀን ኩርፊያ ይዛ ቤተ ክርስቲያን እንደማትቆም ተናገረች። ሞተሩ ላይ ልቀመጥ ግን አላለችም። ልየው ብቻ ነው ያለችው።

ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ መተማ ዮሐንስ ወረዱ። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል፤ የጭነት መኪናዎቹ ጉምሩክ ደጅ ተሰልፈዋል። ሰዓዲያ ጥቁሩን ወልውላ ጠበቀቻቸው። ውባንች ዞር ዞር ብላ አየችው፤ መደገፊያውን ጫን አድርጋ ሞከረችው፤ ጥሩ ነው አለች። ደረበ ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። ከዚያ ውባንች ደረበን ውጣበት አለችው፤ ሰዓዲያን ደግሞ አስነሺው አለቻት።

ጥቁሩ ሲነሣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዱግ ዱግ ዱግ ይላል፤ ጥላ ሥር የተኙት ፍየሎች ተነሥተው ሄዱ። ደረበ ደረቱን ነፍቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ወደ ፊት ያያል። ውባንች ሄዳ ከኋላው ቆመችና አንድ ነገር ተናገረች። ደረበ ወደ ፊት ያያል። ደገመችው። ደረበ የመሪውን ብረት በእጅጌው ይወለውላል። ሰዓዲያ ቶቧን አፏ ውስጥ ከታ ሳቋን አፈነች።

ውባንች በምልክት አስጠፋችው። ቀጥላም ቀዩን አስነሺልኝ አለች። ደረበ ቀዩ መደገፊያ የለውም፣ ላንቺ አይሆንም ብሎ ሊያስረዳ ሲጀምር፣ ውጣበት አለችው፤ ወጣ። ቀዩ ተነሣ፤ እንደ ወፍጮ ከሩቅ ሲሰሙት ያለ ድምፅ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ውባንች እንደ ቅድሙ ከኋላው ቆመች፤ ድምፅዋንም ከቅድሙ ከፍ አላደረገችም።

«ወደቅሁ» አለች።

ደረበ እንዴት እንደ ወረደ እሱም አያውቅም። ሞተሩን ለሰዓዲያ ጥሎ፣ ጫማው አንዱ እግሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «የታለሽ? ምን ሆንሽ?» እያለ ትከሻዋን ይዞ ቀረ። በደህናዋ ቆማለች። ሰዓዲያ ሞተሩን በመከራ አቅንታ አቆመችው፤ እየሳቀችም ወላሂ ይኸ ሞተር ሊሰበር ነበር አለች።

ውባንች ነጠላዋን አስተካከለች። «መውደቄ አይደለም ያንገበገበኝ» አለችው። «እኔ ከሌለሁም ጨዋታህ አለመቋረጡ ነው። ከኋላዬ መደገፊያ አልፈልግም፤ ከፊቴ የሚሰማኝ ሰው ነው የምፈልገው። ቀዩን ግዛ።»

 ሰዓዲያ ተማም፣ አለቀ፣ ብላ ቁልፉን ደረበ እጅ ላይ አስቀመጠችለት። ቀዩ ከፍ ያለ ስለሆነ በጎን አያስቀምጥም ብሎ ሲጨነቅ ደግሞ ውባንች ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አሳየችው፤ ከሥሩ ሱሪ ለብሳለች። ከቤት ለብሳው ነው የመጣችው። ጉድ በሉ! ሰዓዲያ እልል አለች፤ የጉምሩክ ሰልፈኞቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሡ። ሥጦታው በሳጥኖቹ ውስጥ ገብቷል፣ ውባንችም ተፈናጣለች። ደረበ ትንሽ እንደሄደ «አለሽ?» ይላል። አለሁ ትለዋለች። ደግሞ ትንሽ ሄዶ «አለሽ?» ይላል። ሸሕዲ ሳይደርሱ ሰለቻትና ሞኝ አትሁን፣ ዝም ብለህ ንዳ አለችው። ሸሕዲ የቀን ሠራተኞች የሚቆሙበት ቦታ ሲያልፉ ያወቋቸው አጫጆች አራጋፊው እያሉ ጮኹ፤ አንዱማ ጠበቅ አርገው ያዙት እናታለም አለ። ውባንች ሳቀች። ደረበ ሳቋን ከኋላው ሰማ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ!

ከሸሕዲ ወዲያ ዝም ብሎ ነዳ። እሱ ዝም ሲል እሷ መናገር ጀመረች። ስለ ስርጉት ተናገረች፤ ስለ ሕፃኑ፤ ዘንድሮ ስለሞተችው ላሟ። ሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን ሁሉ ታወራለች፤ ደረበ ይሰማል። ሚስቱ ከእሱ ይልቅ ጨዋታ አዋቂ መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቀው። ዳገቱ ሲጀምር ድምፅዋ ቀነስ አለ። «ያን ቀን አገዳው ላይ ተቀምጬ አቧራህን አይ ነበር» አለች። «አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል እያልሁ። ነጠላዬን እያውለበለብሁ። አቧራው እስኪጠፋ።»

ደረበ የነጠላዋን ነገር አላሰበውም ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ሽማግሌ ልኳል፣ ፍየል አርዷል፣ ቀሚስ ገዝቷል፣ ሰውን ሁሉ አስቆ ራሱንም አስቆ ነገሩን ሊያሳልፍ ሞክሯል። ሽማግሌዎቹም እየሳቁ መጥተው እየሳቁ ሄዱ። አንዲቷን ቃል ግን ማንም አላስወጣውም፤ እሱም አላወጣትም።

ሞተሩን ዳር ይዞ አቆመው። ወረደ። ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ውባንች፣ ይቅር በይኝ» አለ።

ከዚያ በላይ አልተናገረም። ከደረበ አፍ እንዲህ ያለ አጭር ነገር ወጥቶ አያውቅም። የውባንች ዓይን እንባ ሞላ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ይቅር ለእግዜር» አለችው። «በል ውጣ፤ ልጁ ይጠብቀናል።»