ግድግዳው ሲያቃስት የሰማ ሰው

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህችን አንዷን ሰባት ዓመት ሙሉ ዘልያታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ካነበባችሁ በኋላ ፊታችሁ ሲለወጥ አላይም።

አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ የዜና አጻጻፍ አስተምራለሁ። ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼም በዚህ ይቀልዱብኛል። “መምህርት ሻይ ስታዝ እንኳ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ ብላ ነው” ይባባላሉ። እንግዲህ በለመድኩት ሥርዓት ልጀምር። ማን? እኔ። ምን አደረግሁ? የሌለ ሰው ፈጠርኩ። የት? ፒያሳ፣ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ። መቼ? የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በነሐሴ። ለምን የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ለምን?

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ፒያሳ፣ ደረጃው የሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ ላይ በነበረች አንዲት ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበር። ዛሬ ጋዜጣዋም የለችም፣ ፎቁም የለም። አዘጋጁ ጋሽ ዘውዴ የአራዳ ልጅ ነበሩ፤ ሲቆጡ እንኳ ያስቃሉ። ዜና መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሕጎቻቸውን ዛሬም ቃል በቃል አስተምራቸዋለሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ አጭር ይሁን። “አሳዛኝ አደጋ” አይባልም፤ አደጋውን ተናገሪ፣ ማዘን የአንባቢው ድርሻ ነው። የተናገረ ሰው ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሥራው ይጻፋል። ስሜ አይጠቀስ ካለ፣ አንባቢው እንዲያምነው ስለ እሱ አንድ ነገር ይነገራል፤ የት እንደሚኖር፣ ነገሩን እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ። ስሙ ግን የግድ በማስታወሻ ደብተር ላይ ይኖራል።

የመጀመሪያ ዜናዬን “ሰማዩ ያለቀሰበት ማክሰኞ” ብዬ ስጀምር ጋሽ ዘውዴ ለቢሮው ሁሉ ጮክ ብለው አነበቡት። “ሰማዩ ምን ሆኖ ነው ያለቀሰው? ጠይቀሽዋል? ለመሆኑ ዕድሜው ስንት ነው?” ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በልቤ ግን ዳግመኛ ማንም እንዳይስቅብኝ ማልኩ።

በሳምንቱ፣ አንድ ዝናባም ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ አፍንጮ በር ባለ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ የጭቃ ግድግዳ ተናደ። ሟቹ ተስፉ ይባላል፤ ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ የሚሠራ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው። ያን ቀን አሞት ከሥራ ቀርቶ ተኝቶ ነበር። ዜናውን እንድሠራ ተላክሁ። ስደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነው። ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። አንድ የእድር ሰው የድንኳኑን ገመድ እንደያዘ “እህቴ፣ አሁን ሬሳ ይዘናል” አለኝ። ከፖሊስ የሟቹን ስም፣ ዕድሜውንና ሰዓቱን ይዤ ተመለስኩ።

ጋሽ ዘውዴ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንስተው መለሱልኝ። “ግድግዳ ወደቀ ብለሽ አትምጪብኝ። ነሐሴ ላይ የማይወድቅ ግድግዳ የለም። የሰማ ሰው አምጪልኝ።”

ገጹ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ቀርቶት ነበር። አፍንጮ በር ደርሶ መመለስ ይቻል ነበር። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ይቻል ነበር። እኔ ግን ኬክ ቤት ገባሁ፣ ሻይ አዘዝኩ፣ ደብተሬን ገለጥኩና የሰማ ሰው ፈጠርኩ። ሴት አደረግኋት፤ የእናት ቃል ይታመናል ብዬ ነው። ዕድሜዋን ሰባ አልኩ። እንዴት ልታውቅ እንደቻለች መነገር አለበትና ከሟች ጋር ግድግዳ እንዲጋሩ አደረግሁ። እንዲህም ጻፍኩ፦ “‘ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳው እንደ ታመመ ሰው ሲያቃስት እሰማ ነበር’ ሲሉ፣ ከሟች ጋር ግድግዳ የሚጋሩና ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ የሰባ ዓመት እናት ተናግረዋል።” ከሥሩ ሌላ ጥቅስ ጨመርኩ፦ “በመጨረሻው ቀን ዝም አለ። ያስፈራኝ ዝም ማለቱ ነው።”

ይህችን ሁለተኛዋን ጋሽ ዘውዴ በቀይ ሰረዟት። “አንድ ጥቅስ ዜና ነው፤ ሁለት ከሆነ ቲያትር ነው” አሉ። የመጀመሪያዋን ግን ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም ነበር። “አሁን ጋዜጠኛ ሆንሽ” አሉኝ።

የተሰረዘችውን ጥቅስ ልብ በሉልኝ። አልታተመችም። ያየናት ሁለት ሰዎች ብቻ ነን።

ጋዜጣዋ ቅዳሜ ወጣች። ሰኞ ጠዋት ጥቁር የለበሰች ሴት ያን ደረጃ ወጥታ ቢሯችን መጣች፤ የተስፉ እህት አልማዝ ነበረች። ጋዜጣውን ለአራት አጥፋ ይዛዋለች። አልጮኸችም። “ሳምንቱን ሙሉ ሰምታ ለወንድሜ አንድ ቃል ያላለችው ማን ናት? የጠረጠርኳት አለች፤ ስሟን ግን ከእናንተ ልስማ” አለች። ጋሽ ዘውዴ ተነስተው አጽናኗት፤ ምንጫችን እንዳለ፣ ስሙን ግን ለማንም እንደማንሰጥ ነገሯት። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። አልማዝ ስትወጣ “ግድ የለም። ግድግዳ የሚጋራው አንድ ቤት ነው” አለች።

አንድ ቤት ነው። ይህን አላሰብኩም ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? የጻፍኩት መግለጫ አንድን ሰው ብቻ ይጠቁማል። ሥራውም ያ ነው። በደንብ ተምሬዋለሁ።

ጋሽ ዘውዴ በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው ዞሩ። “ነገ ደብተርሽን ይዘሽልኝ ነይ። ስሙን ለማንም አልሰጥም፤ መኖሩን ግን ማየት አለብኝ” አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ አፍንጮ በር ወረድኩ፤ ስም ፍለጋ። ግቢው በር ላይ ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። ከተስፉ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እናት የት እንደሚኖሩ ጠየቅኋት። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ በአገጭዋ አሳየችኝ። “ሰሚዋን ነው? ዝለቂ፤ ስትመጪ ሰምታሻለች።”

በሁለት ቀን ውስጥ ስም ወጥቶላቸዋል። ሰሚዋ።

እማማ በላይነሽ ይባላሉ፤ ለብቻቸው የሚኖሩ አሮጊት። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው በነበረበት በኩል ሸራ ተወጥሯል፤ ከወዲያ የተስፉ ባዶ ክፍል ነው። ነፋስ ሲገባ ሸራው ይነፋል፣ ይመለሳል፤ ይነፋል፣ ይመለሳል። የተኛ ሰው ሆድ ይመስል ነበር። እኚህን ሴት በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ገና ደጃፉ ላይ ሲያዩኝ “መጣሽ?” አሉኝ።

ተቀመጥኩ። የደረሰባቸውን በዝግታ ነገሩኝ። እሑድ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ አልማዝ “ሰምተዋል ወይ?” ብላ ጠይቃቸዋለች። “እኔ እንጃ” አሉ። ግራና ቀኝ ተቀምጠው የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ። አርባ ዓመት አብረዋቸው ለቅሶ የተቀመጡ ሴቶች። በማግስቱ ጠዋት ማንም እንዴት አደሩ አላላቸውም።

ያን ሳምንት ፍልሰታን ሲያስቀድሱ ነው የከረሙት፤ ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ይህንኑ ነገሩኝ፤ ነግረውኝም ራሳቸው ተጠራጠሩት።

“ግን ልጄ፣ ሳስበው ሳስበው ሰምቼ መሆን አለበት። ጋዜጣ ላይ እንዲሁ አይጻፍም” አሉ። ሸራው ተነፋ፣ ተመለሰ። እማማ ወደዚያ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “በመጨረሻው ቀን ዝም አለ። ያስፈራኝ ዝም ማለቱ ነው።”

ቃሉ የእኔ ነው። ያልታተመው፣ በቀይ የተሰረዘው። ወረቀቱ ጋሽ ዘውዴ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሳቸው አፍንጮ በር አልመጡም፣ እማማም ፒያሳ አልወጡም። ሰባት ዓመት አሰብኩበት፤ እስካሁን ማስረዳት አልቻልኩም። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ይህን ግን አልቻልኩም።

“ለአንቺ ነግሬሽ ነበር አይደል?” አሉኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ልመና ነው። ከሁለት አንዱን እንድላቸው ይለምኑ ነበር፤ ወይ አላሉም፣ ወይ ብለዋል። በመካከል መንጠልጠሉ ነበር የገደላቸው።

እዚህ ጋ ቁሙልኝ። ኃጢአቴ ኬክ ቤት ውስጥ የሠራሁት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እስካሁን ተናግሬው ነበር፤ ልጅነት ነው፣ ችኮላ ነው፣ መሳቂያ ላለመሆን ነው እል ነበር። አሁን ግን ሴትዮዋ ከፊቴ ናቸው። ስም አላቸው፣ ነጠላ አላቸው። አልነገሩኝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ቃል። እኔ ግን ስለ ደብተሬ አሰብኩ።

“አዎ እማማ። ነግረውኛል” አልኩ።

ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። እኔም ሙሉ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ጠየቅሁ። ሰባ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰባ አንድ ሆኑ። እዚያው በእርሳስ ጻፍኩት። በማግስቱ ጋሽ ዘውዴ ደብተሩን አይተው ዘጉትና “ጎበዝ” አሉኝ። ሲመረቁ ስለ ሥራ ከሚጨነቁት አልሆንኩም፤ ያቺ ዜና በር ከፈተችልኝ። ማስተማር ስጀምርም ለጥቅስ አጻጻፍ ምሳሌ የማደርገው እሷኑ ነበር። አዎ፣ አስተማርኩባት። አራት ጊዜ፣ ለአራት ክፍል፣ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ከሥሯ አስምሬ።

በዚህ ዓመት አንዲት ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አነሳች። ሌላው እስኪስቅ የምትከራከር ልጅ ናት። “መምህርት፣ ጥቅሱ ጥሩ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ሳምንት ሙሉ ሰምተው ዝም ይላሉ?” አለች። ክፍሉ በሙሉ ተስማማ። ሠላሳ ስምንት ሰው ሌላ ድንኳን ውስጥ ፈቀቅ አለባቸው። ጠመኔዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ያ ግቢ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ሰዎቹ ተበትነዋል። እማማ ከከተማው ዳር አንድ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ ለማወቅ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ደረጃው ላይ ያገኘኋት ጎረቤት ማንን እንደምፈልግ ስነግራት ፈገግ አለች። ሴትዮዋ በየሳምንቱ በር እያንኳኩ “ግድግዳው ዝም ብሏል፣ ልጆቻችሁን አውጡ” እንደሚሉ ነገረችኝ። መጀመሪያ ይሳቅባቸው ነበር። አሁን እሷም ልብስ ስታጥፍ አንዳንዴ ቆም ብላ ግድግዳውን እንደምታዳምጥ ነገረችኝ፤ ነግራኝም አፈረች።

እማማ በሩን ሲከፍቱ “መጣሽ?” አሉኝ፤ ልክ እንደዚያን ጊዜ። ወንበራቸው ከግድግዳው ጋር ተጠግቷል። ጆሯቸው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ክብ ሠርቷል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንም እንዳልሰማ፣ ማንም እንዳልነገረኝ፣ ጥቅሱን ኬክ ቤት ተቀምጬ እንደጻፍኩት፣ “አዎ” ያልኩት ለደብተሬ እንደሆነ። ሳላቋርጥ፣ ሳላሳምር። እማማ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና እጄን ይዘው ዳበስ ዳበስ አደረጉኝ።

“አንቺ ደግ ልጅ ነሽ። ሸክሜን ልታቀልይልኝ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው” አሉ።

ማልኩላቸው። አለቀስኩ። አላመኑኝም። የዋሸሁት ያን ያህል በደንብ ታምኖ፣ እውነቱን ስናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ከዚያ እጄን እንደያዙ ወደ ግድግዳው አዩ።

“እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን። ታዲያ ሰባት ዓመት የምሰማው ምንድን ነው?”

ተማሪዎቼን እርማት ስትጽፉ ስሕተቱን አትድገሙ እላቸዋለሁ፤ ትክክለኛውን ብቻ በአጭሩ ጻፉ። እኔ ግን እደግመዋለሁ። ግድግዳው ሲያቃስት የሰማ ሰው አልነበረም። እማማ በላይነሽ አልሰሙም፣ ለማንም አልነገሩም። ጥቅሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። “አዎ” ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት የማነብላት አልማዝ ናት፤ ወንድሟ ይሠራበት በነበረው የፒያሳ ወርቅ ቤት ባንኮኒ ኋላ ትቆማለች፣ ሰባት ዓመት በማዶው መንገድ ሳልፋት ኖሬያለሁ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሴት፣ እንደበደልኳቸው አያምኑም።

ከመውጣቴ በፊት እማማ ከወንበራቸው ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። “ነይ፣ አንቺም አዳምጪ” አሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ተቀመጥኩና ቀለሙ የተላጠበት ክብ ላይ ጆሮዬን አሳረፍኩ። ብሎኬቱ ቀዝቃዛ ነበር። ብዙ ቆየሁ።

የሰማሁትን አልጽፍም። ያልሰማሁትን ጽፌ ካመናችሁኝ በኋላ፣ የሰማሁትን ለመናገር መብት የለኝም።