እትዬ ቴምብር እና የኮርኒሱ ንቦች

እትዬ ቴምብር የሚባሉት እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይህ ሆኖ አይደለም። በከተማችን አሮጌ ፖስታ ቤት፣ ከነሐስ ፍርግርጉ ኋላ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቴምብር ሲሸጡ ስለኖሩ ነው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊው ሳይቀሩ በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል፤ ሲቆጡማ «አንቺ ቴምብር፣ አትለጠፊብኝ!» ይላሉ።

ሕንፃው በዕድሜ ከእሳቸው ብዙ ይበልጣል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የእንጨት ኮርኒስ አለው፤ ጥግ ላይ ደግሞ ከባንኮኒው ስልክ ጋር የሚያገናኝ፣ በሩ መስታወት የሆነ የስልክ ሳጥን ቆሟል። አንድ ቀን ከቅርስ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው «ታሪካዊ ቅርስ ነው፤ መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ሰቀሉ። እትዬ ትእዛዝ አክባሪ ናቸውና ከዚያ ወዲህ ካላንደር ለመስቀል እንኳ ሚስማር አልመቱም።

ችግሩ፣ ንቦች ሰሌዳ አያነቡም። በኮርኒሱ ስንጥቅ ገብተው ቤት ሠሩ። መጀመሪያ እትዬም ደንበኛውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በኋላ ግን ማሩ ጥቅሎች ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ጫማ የተላከለት መምህር «ጫማውን ወድጄዋለሁ፤ ግን እግሬን አልለቅ አለኝ» ብሎ ሲያማርር፣ እትዬ ወደ ቅርስ መሥሪያ ቤቱ ደወሉ።

«ባለሙያ እስኪመጣ ምንም እንዳይነካ!» ተባሉ።

ባለሙያው ከርሞ ከርሞ መጣ። ከራባት ያሰረ፣ ደስ የሚል ጎልማሳ ነው። ገና ሲገባ ኮርኒሱን አንጋጦ አይቶ «አቤት ውበት!» አለ።

«ውበቱስ ይሁን፤ ከላይ ንብ አለ፣ ልጄ።»

«አይዞዎት፣ እትዬ። ይህ እንጨት እንደ ብረት ነው» አለና ወንበር ላይ ወጥቶ በዣንጥላው እጀታ ኳ ኳ አደረገው።

እንደ ብረት አልነበረም። ሳንቃው ከነማር እንጀራው አናቱ ላይ ወረደ። ቴምብር ሊገዛ የተሰለፈው ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። ባለሙያው ዘሎ የስልክ ሳጥኑ ውስጥ ገባና በሩን ጠረቀመው። እትዬ ባዶ የፖስታ ከረጢት ራሳቸው ላይ ደፍተው ከባንኮኒው ሥር ተሸጎጡ።

ጥቂት ቆይቶ የባንኮኒው ስልክ ጮኸ። ልማድ ሆነባቸውና እጃቸውን ከከረጢቱ ሥር ሰደው አነሱት።

«ፖስታ ቤት ነው፤ ምን እንርዳዎት?»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለ የተጨነቀ ድምፅ። «ንቦቹ ሄዱ?»

«ማን ልበል?»

«እዚሁ ሳጥኑ ውስጥ ያለሁት!»

«ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ! ኧረ አልሄዱም። አንተ ዘንድስ?»

«አንዷ አብራኝ ገብታለች።»

«በል እንዳትነካት!» አሉት፤ ከዚያ ከከረጢቱ ውስጥ ሆነው ሳቃቸው አመለጣቸው። ባይስቁ ያለቅሱ ነበር።

ጩኸቱን የሰሙት ልብስ ሰፊው ንብ አናቢ ጎረቤታቸውን ይዘው ደረሱ። ሰውየው ንቦቹን በጭስ አረጋግቶ ከነንግሥታቸው ቀፎ ውስጥ አስገባቸው። ባለሙያው ሲወጣ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፣ ከንፈሩ ያለ ልክ አብጧል፣ ከራባቱ ደረቱ ላይ ተጣብቋል። እትዬን አንጀታቸውን በላቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡትና ከማሩ ንጹሑን መርጠው በሳህን አቀረቡለት። እየበላ፣ በዚያው ባበጠ አፉ፣ ኮርኒሱ እንዲጠገን ፈቀደ።

«ሌላ የተሰነጠቀ ቦታ ይኖር ይሆን?» ሲል ጠየቃቸው።

«ሞልቷል» አሉት። «አሁን ያፍህን ዋጥ አድርግ፤ ሌላውን ነገ ታየዋለህ።»