ጥጃ የሚያክለው ውሻችን

ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ያለው ሱቃችን ሁለቴ ሲዘረፍ ጥጃ የሚያክል ውሻ ገዛን። ይሄ ሁሉ ገላ ሲጮህ ሰፈሩን ያንቀጠቅጣል ብለን ነበር፤ አፉን ሲከፍት ግን እንደ አይጥ ሲጥ አለ!

አብሮኝ የሚሠራው ደስታ ደግሞ ሰውነቱ ጭራሮ፣ ድምፁ ነጋሪት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል። ውሻውን ዕቃ የምንሸጥበት የብረት ፍርግርግ ሥር አሰርነውና፣ አፉን በከፈተ ቁጥር ደስታ ከዱቄት ጆንያው ኋላ ተደብቆ ይጮህለት ጀመር። ሌባ ድርሽ አላለም። ገበያ ሲቀዘቅዝ ደስታ እዚያው እንደተደበቀ መዝሙሩን ይለማመዳል።

ትናንት ከእኛ ዳቦ የሚገዙ ጎረቤታችን አሮጊት፣ በአገሩ ቋንቋ «ጎጎ»፣ አያቴ፣ የምንላቸው፣ ፍርግርጉ ላይ ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ውሻችሁ ሲዘምር ሰማሁት። ለልጅ ልጄ ሠርግ ታከራዩኛላችሁ?»