ኖር ያልኩባት ደሴት

በጎ ፈቃደኛ ነርስ ሆኜ ከጄኔቭ አንዲት ሩቅ የፓስፊክ ደሴት የገባሁ ዕለት ነው። መንደርተኛው ሊቀበለኝ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ የደሴቲቱ አለቃ፣ ሽማግሌው ሰውዬ ገቡ። እኔም እንዳደግሁት ብድግ ብዬ "ኖር" አልኳቸው።

ሰው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ለካ እዚያ አገር ታላቅ ሰው ሲገባ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው ክብሩ፤ ከፊቱ መቆም ንቀት ነው። አጠገቤ የነበረችው አዋላጅ ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ።

"በእኛ አገር ለአባት አለመነሳት ነውር ነው" አልኳት፣ አንገቴን ሳልደፋ። ለአለቃው ተረጎመችላቸው።

ከዚያ በኋላም ቢሆን እሳቸው በገቡ ቁጥር እግሬ ቀድሞኝ ይነሳል፣ አፌም "ኖር" ይላል፣ አዋላጇም ትጎትተኛለች። መቀመጡን እስክለምድ ሁለት ቀሚስ ተተረተረብኝ።

ዘንድሮ፣ ጄኔቭ ከተመለስኩ በኋላ፣ አለቃው ለስብሰባ መጡ ሲባል፣ ፓኪ ሰፈር ያረፉበት ሆቴል ድረስ ሄድኩ። ሪሴፕሽኑ አጠገብ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ወጪ ወራጁ እያየኝ ኮራ ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩላቸው፤ ወጋቸውን አልረሳሁማ። ቀና ስል ግን አለቃው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ኖር" አሉኝ።