ሳያጎነብሱ ውሃውን ማየት

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ከባሕር ዳር የመጣልን ዕቃው ብዙ አልነበረም። ፍራሹ፣ ልብሶቹ፣ መጽሐፎቹ፣ አንድ ደግሞ የጫማ ካርቶን። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሶ ነበር፤ የሚማረውም ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ነበር። ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።

ካርቶኑን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ስላልመጣልኝ፣ ፍኖተ ሰላም አንድ ሞባይል ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ ስክሪን፣ የተጠቀለሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ነበሩበት። ሰሌዳዋ በኮምፒዩተር የጻፉላትን ትእዛዝ ትፈጽማለች። ወንድሜ ክረምት ሲመጣ መብራት እያበራባትና እያጠፋባት አሳይቶኛል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ምን ልሠራባት እንደምችል ግን ስላልገባኝ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጫት ወራት አለፉ።

ሥራ ያገኘላት ጉድጓዱ ነው።

ቤተሰቦቼ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ገበሬዎች ናቸው። በዚያ በኢሕአዴግ ጊዜ የግብርና ባለሙያዎች በየስብሰባው አባወራው ሁሉ የውሃ ጉድጓድ እንዲቆፍር ይወተውቱ ነበር። አባቴም ቆፈሩ፤ በበጋ የበርበሬ ችግኝ ያፈሉበታል። ውሃውን የሚስበው የቤንዚን ሞተር ነው። ሞተሩ ውሃው ከቱቦው ጫፍ በታች ከወረደ በኋላ አየር እየሳበ ከሠራ ይቃጠላል። ስለዚህ አባቴ ሞተሩ እየሠራ ሳለ፣ በየመካከሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍተው ውሃው የት እንደ ደረሰ ያያሉ።

ከሐዘኑ ወዲህ ደግሞ ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር። አንድ እሑድ ቅዳሴ ቆመው ሳለ መቋሚያው ባይደግፋቸው ወድቀው ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ ሞተር በተነሣ ቁጥር የያዙትን ሥራ ጥለው ይመጣሉ። አባቴ ሲደፉ የጋቢያቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከኋላ ይቆማሉ።

"ልቀቂኝ እንጂ፣ ጥጃ አይደለሁም" ይላሉ አባቴ፣ ድምፃቸው ከጉድጓዱ ውስጥ እያስተጋባ።

"ጥጃ ቢሆኑማ አስሬዎት ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር" ይላሉ እናቴ።

እንደ ቀልድ ነው የሚነጋገሩት። እናቴ ግን ለብቻችን ስንሆን "አንዱን ቀብሬአለሁ። ሌላ አልችልም" አሉኝ።

ወደ ከተማ ስመለስ ካርቶኑን አወጣሁት። የጎደለው ርቀት የሚለካው ነገር ብቻ ነበር፤ ሴንሰር ይሉታል። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለውን ከለካልኝ ቁጥሩ ስክሪኗ ላይ ይወጣል። አባቴም ቀጥ ብለው ቆመው ያነቡታል። ቁጥር አያቅታቸውም፣ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ተምረዋል።

ባሕር ዳር የወንድሜ ጓደኛ አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚያድሩት፤ በትምህርት ግን ይቀድመው ነበር። ተመርቆ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከፍቷል። ሲያየኝ አቀፈኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርሁት።

"አቅምህ እንዴት ነው?" አለኝ።

"የጥገና ቤት ደመወዝ ነው።"

"እንግዲያው ሁሉንም አይተህ አንተው ምረጥ።"

ሦስት ዓይነት ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። የመጀመሪያው ለዓይን በማይታይ ብርሃን የሚለካ ነው። ባልዲ ውሃ አምጥቶ ከላይ ያዘልኝ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር የውሃው አልነበረም፤ ብርሃኑ የጠራውን ውሃ አልፎ የባልዲውን መቀመጫ ለክቶ ነበር። "ውሃ መኖሩንም አላወቀ" ብዬ ወደ ጎን አደረግሁት።

ሁለተኛው አንድ ዓይን ብቻ ያለው፣ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ እንዳይጋጭ መከላከያው ላይ የሚገጠመው ዓይነት ነው። ውሃ ቢረጭበትም ግድ የለውም። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን እጄን ሰበሰብሁ።

ሦስተኛው እንደ ጉጉት ሁለት ዓይን አለው።

"በአንዱ ይጮኻል፣ በሌላው ይሰማል" አለኝ። "ገደል አፋፍ ቆመህ ስትጣራ ድምፅህ ተመልሶ አይመጣም? ያው ነው። ለመመለስ በወሰደበት ጊዜ ርቀቱን ያሰላል። ጩኸቱ ለእኛ ጆሮ አይሰማም።"

ባልዲው ላይ ስንይዘው የውሃውን ፊት በትክክል ለካ። ዋጋው ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ደርሶ ከመመለሻው የመኪና ሒሳብ ብዙም አይበልጥም።

"ችግሩ እርጥበት ነው" አለ ጓደኛው። "ጉድጓድ ላይ ከሆነ ዓመት ሳይሞላው ይሞ..." ብሎ አቆመ። "ይበላሻል ማለቴ ነው።"

"ይሞታል በል፣ ምንም አይደለም" አልሁት። ሁለታችንም ሳቅን። እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ቃል ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወንድሜ ቢሆን ውዱን ይገዛ ነበር። ጥሩ ዕቃ ገዝቶ የወሩን ቀሪ በደረቅ ዳቦ የሚያሳልፍ ሰው ነበር። እኔ ግን ሲበላሽ ራሴ የምተካውን ፈለግሁ። ባለ ሁለት ዓይኑን ወሰድሁ፤ ለመጠባበቂያ አንድ ጨመርሁበት።

ጓደኛው ትእዛዙን ሊጽፍልኝ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት "በሴንቲሜትር ይሁንልህ?" አለኝ።

"በክንድ።"

"በማን ክንድ?"

"በአባቴ። ገመዱንም፣ የሞተሩን ቱቦም የለኩት በራሳቸው ክንድ ነው።"

አየኝ። ያን የመሰለ ትእዛዝ ጽፎ እንደማያውቅ ነገረኝ። የክንዳቸውን ልክ የማስገባበትን ቦታ ግን በደንብ አሳየኝ።

ቅዳሜ ቤት ሄድሁ። አባቴ የቀኝ እጃቸውን ከክርን አጥፈው ዘረጉልኝና በሜትር ለካሁ። ልብስ ሊያሰፉ የመጡ ይመስል ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ክንዳቸው ከስቷል። ልኩን ወስጄ ከጨረስሁ በኋላም እጃቸውን ቶሎ አልለቀቅሁም፤ እሳቸውም አልሳቡም።

ልኩን ከጥገና ቤቱ በተዋስሁት ላፕቶፕ ትእዛዙ ውስጥ አስገባሁ። የጉድጓዱ ክዳን ቆርቆሮ የተመታበት ሳንቃ ነው። መሐሉ ላይ ለሁለቱ ዓይኖች ቀዳዳ አበጅቼ ሴንሰሩን ገጠምሁ። ኃይሉን ከቤቱ የሶላር ባትሪ ሳብሁ፤ ስክሪኗን ራቅ ብሎ ካለ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ አሰርኋት። ጎረቤታችንም ሊያይ መጣ። ስክሪኗ በራች። አንድ የሚል ቁጥር ወጣ።

"አንድ ክንድ" አሉ አባቴ። "እንግዲህ በሚያዝያ ሐሩር ጉድጓዴ አፉ ድረስ ሞልቶልኛል።"

"አያ፣ ታንኳ ላምጣልዎ?" አለ ጎረቤታችን።

አልሳቅሁም። ሴንሰሩን ፈትቼ መጠባበቂያውን ገጠምሁ። አሁንም አንድ። ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ያንን ውዱን ተበድሬም ቢሆን መግዛት ነበረብኝ አልሁ በልቤ። እናቴ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ እሳቸውን ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም። ክዳኑን አንሥቼ በደረቴ ተኛሁና ወደ ውስጥ አየሁ።

"አንተ ደግሞ!" ብለው እናቴ ሸሚዜን ከኋላ ያዙት።

ከአፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ የእንጨት መስቀል ተንጠልጥሏል። በሁለት በኩል በጥጥ ፈትል ከአፉ ጠርዝ ጋር ታስሯል።

ተነሥቼ እናቴን አየኋቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"የነፍስ አባታችን ባርከው የሰጡኝ ነው" አሉ። "ለአባትህ ብዬ ነው ያሰርሁት። ሲደፉ እንዲጠብቃቸው።"

አባቴ ይህን አያውቁም ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ ውሃውን ሲያዩ ከፊታቸው የሚወዛወዘውን ሳያስተውሉት ቀርተው ነው፣ ወይም አይተውም ዝም ብለው ነው። አልጠየቅኋቸውም። ብቻ ከት ብለው ሳቁ።

"ዕቃህ ምንም አልሆነም ልጄ" አሉኝ። "ክርስቲያን ነው። መስቀሉን ተሳልሞ ይመለሳል።"

"እንግዲህ መስቀሉን ወደ ዳር..." ብዬ ሳልጨርስ፣

"መስቀሉ ከቦታው አይነሣም" አሉ እናቴ። "ያንተ ዕቃ ይነሣ።"

የኔ ዕቃ ተነሣ። ወደ ዳር ሳወጣው ደግሞ ቆፋሪዎች ሲወጡና ሲወርዱ የሚረግጡባቸውን፣ ግድግዳው ላይ የተቦረቦሩትን እርከኖች ይለካ ጀመር። ክዳኑን አራት ቦታ በሳሁት። በመጨረሻ ከመስቀሉም ከእርከኖቹም የሚያመልጥ ቀዳዳ ተገኘ። ስክሪኗ ሰባት አለች።

አባቴ አላመኑም። ቋጠሮ ያለውን ገመዳቸውን ድንጋይ አስረው አወረዱና እየጎተቱ በክንዳቸው ለኩ። ሰባት ክንድ ከጥቂት።

"ጥቂቷን በላት" አሉ።

"ሽርፍራፊ አያሳይም አባዬ።"

"ይብላ። ደመወዙ ትሁንለት።"

የሞተሩ ቱቦ የሚደርሰው ዐሥራ ሁለት ክንድ ድረስ ነው። አባቴ ሞተሩን አስነሡ። ስምንት አለ፣ ቆይቶ ዘጠኝ። አባቴ ምሰሶው አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያነባሉ። እናቴ እንደ ልማዳቸው ከኋላቸው ቆመዋል፣ አንድ እጃቸውን ወደ ጋቢው ዘርግተው። የሚደፋ ግን የለም። ጥቂት ቆዩ። እጃቸውን አወረዱ። ከዚያ ወደ ችግኙ መደብ ሄዱ፤ ውሃው እንዳይሰብረው ቦዩን በመቆፈሪያ ያስተካክሉ ጀመር።

"ስንት ደረሰ?" አሉ ከዚያው ሆነው፣ ሳይዞሩ።

"ዐሥር" አሉ አባቴ።

"ዐሥራ አንድ ሲል ያጥፉት።"

ጎንበስ ብለው መቆፈራቸውን ቀጠሉ፣ ጀርባቸውን ለጉድጓዱ ሰጥተው።